ያገለገለ የባነር ማሽን ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ማጓጓዝ፦ ከመፍታት እስከ መጀመሪያው ህትመት

ያገለገለ የባነር ማሽን ከአዲስ አበባ ገዝተው ወደ ሐዋሳ የሚያመጡ ሰዎች የሚያሰሙት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ማሽኑ ሻጩ ዘንድ ጥርት አድርጎ ሲያትም በዓይናቸው አይተው ከፍለውበታል፤ ሐዋሳ ደርሶ ሲበራ ግን ወይ ካሪጁ (ቀለም የሚረጨውን ሄድ ተሸክሞ የሚመላለሰው ክፍል) ስህተት እያሳየ ይቆማል፣ ወይ አንድ ሁለት ቀለም አይወጣም፣ ወይ ጭራሹን የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ አይነሳም። ጥፋቱም ወዲያው በሾፌሩና በመንገዱ ላይ ይላከካል። አብዛኛው ጉዳት ግን የሚደርሰው መኪናው ሳይነሳ ነው፤ ቀለሙ ሳይወጣ፣ ሄዱ ሳይታሰርና ሄዱን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ፍላት ኬብል ሳይሸፈን ማሽኑ ተጣድፎ በደረጃ ሲወርድ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመንገዱ ይልቅ ከመጫን በፊት ባለው አንድ ቀን ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

መመሪያው በዋናነት የተዘጋጀው ከ1.6 እስከ 1.8 ሜትር ስፋት ለሚያትሙ የኢኮ ሶልቬንት ማሽኖች (በሶልቬንት ማሟሚያ የተሠራ ቀለም ለሚጠቀሙት) ነው፤ እንደ ሮላንድ፣ ሚማኪና ሙቶ እንዲሁም የኤፕሰን ሄድ የተገጠመላቸው የቻይና ማሽኖች ማለት ነው። ለ3.2 ሜትር ማሽኖችና ለዩቪ ቀለም የሚለየው ነገር በየቦታው ተጠቅሷል።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ ሳይነካ መመዝገብ

ማሽኑ ከሶኬት ከመነቀሉ በፊት እየሠራ ባለበት ሁኔታ ማስረጃ ይያዙ። ይህን ያላደረገ ሰው ሐዋሳ ላይ የተከፈተውን ችግር ከሻጩ የመጣ ይሁን ከመንገድ የመጣ ሊለይ አይችልም።

1. ኖዝል ቼክ (እያንዳንዱ የሄዱ የቀለም ቀዳዳ መሥራቱን የሚያሳይ የሙከራ ህትመት) ያትሙ። በወረቀቱ ላይ ቀኑን ጽፈው ሻጩ እንዲፈርምበት ያድርጉና ወረቀቱን በፕላስቲክ ከረጢት ያስቀምጡ።
2. አንድ ሜትር ያህል ባነር በሁሉም ቀለማት ያሳትሙ፤ ማሽኑ ያን ሲሠራ ድምፁንም ጭምር በስልክ በቪዲዮ ይቅረጹ። ካሪጁ ሲመላለስ የሚያሰማውን ጤናማ ድምፅ ማወቅ በኋላ በጣም ይጠቅማል።
3. በሜኑው ውስጥ ያሉትን የማስተካከያ ቁጥሮች፣ ማለትም የፊድ (ባነሩ ወደፊት የሚሳብበት ልክ)፣ የሁለት አቅጣጫ ህትመትና የሄድ አቀማመጥ ቁጥሮችን፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሱ።
4. የሪፕ ሶፍትዌሩን (ምስሉን ለማሽኑ የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም) ዶንግል፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካውን የፈቃድ ቁልፍ፣ በእጅዎ ይቀበሉ። ዶንግሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ከቀረ ማሽኑ ደህና ደርሶም ሥራ አይጀምርም። አንዳንድ የቻይና ቦርዶች ጊዜው ሲያልቅ በኮድ የሚከፈት ቁልፍ ስላላቸው ይህንንም ሻጩን በግልጽ ይጠይቁ።

ከወረቀት በኩል የሽያጭ ውሉን፣ ደረሰኙንና የማሽኑን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ኮፒ ከጭነቱ ጋር ይላኩ፤ ኬላ ላይ ቢጠየቅ ሾፌሩ የሚያሳየው ይኑረው። መኪናው ያለው የሦስተኛ ወገን መድን የጫነውን ዕቃ አይሸፍንም። የማሽኑ ዋጋ የሚያሳስብዎ ከሆነ ለጉዞው ብቻ የሚሆን የዕቃ መድን ከአንድ ቀን በፊት ያስገቡ።

ደረጃ 2፦ ሁለቱንም በሮች መለካትና መኪና መምረጥ

1.6 ሜትር የሚያትም ማሽን 1.6 ሜትር ርዝመት ያለው ይመስላቸውና በፒክአፕ ሊጭኑት የሚመጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የማሽኑ አካል ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 ሜትር ያልፋል፤ ክብደቱም እንደ ሞዴሉ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን ከዚያ የሚበልጥም አለ። ትክክለኛው ክብደት በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ስለሚገኝ ከዚያ ያንብቡ። 3.2 ሜትር የሚያትመው ደግሞ ከ4 ሜትር በላይ ርዝመትና አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ቶን በላይ ክብደት ስላለው ያለ ፎርክሊፍት ወይም ያለ ክሬን መንካት አይገባም።

በሻጩ ቤትም በእርስዎ ቤትም የበሩን ስፋት፣ የኮሪደሩን ስፋትና በተለይ ደረጃው የሚታጠፍበትን ቦታ ይለኩ። በሩ ያሳለፈው ማሽን ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ መዞር ያቅተውና ተሸካሚዎቹ መሃል ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ማሽኑን በአንድ ጫፉ ማቆም የመጀመሪያው ሐሳብ ሆኖ ይመጣል፣ ማሽኑም የሚጎዳው ያኔ ነው። መታጠፊያው ከጠበበ አስቀድሞ መስኮት ማውለቅን ወይም በክሬን ማውረድን ያስቡ።

ለ1.6 ሜትር ማሽን የሚበቃው አይሱዙ ነው። የጭነት ሳጥኑ ዳር ያለው፣ ወለሉ ያልተበሳ፣ ሸራው ያልተቀደደና ማሰሪያ ቀለበቶቹ የጠነከሩ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። ሾፌሩ በዚያው ጉዞ ሌላ ሰው ጭነት እንዳይደርብ ከወዲሁ ይዋዋሉ። በማሽኑ ላይ የተደረበ የሽንኩርት ጆንያ ሽፋኑን ሰብሮ ካሪጁ የሚሄድበትን ሐዲድ ሊያጣምም ይችላል።

ደረጃ 3፦ ቀለሙን ማውጣት

ቀለሙን እንደያዘ ማጓጓዝ ይቻላል የሚሉ ቴክኒሻኖች አሉ። ማሽኑ ምድር ቤት ካለ፣ ሳይዘነበል ከተጫነና በዚያው ቀን ከደረሰ ምንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። እኔ ግን አልመክረውም። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ቀለም ማሽኑ ባጋደለ ቁጥር ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይሄዳል፣ በዳምፐሩ (ቱቦው ከሄዱ ጋር የሚገናኝበት ትንሽ የቀለም ማጠራቀሚያ) በኩል አየር ይስባል፣ ከሄዱ ሥር ይንጠባጠባል፤ በካሪጁ ቦርድ ላይ ያረፈ ጠብታ ደግሞ የሚታየው ማሽኑ ሲበራ ነው። ለአንድ ሊትር ማጠቢያ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ሄድ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦ ለቀለሙ ዓይነት የተሠራ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ባለ 20 ወይም ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ የናይትራይል ጓንት፣ መነጽር፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ ክዳኑ ጠበቅ ብሎ የሚገጥም ጀሪካንና ስም መጻፊያ ስኮች። በሶልቬንት ማሽን ውስጥ ውሃ፣ ቤንዚን፣ አሴቶን ወይም የፋርማሲ አልኮል አያስገቡ። ውሃ ቀለሙን ያረጋዋል፣ አሴቶን የሄዱን ማጣበቂያ ያላላል።

መስኮቶችን ይክፈቱ። ሶልቬንትና ትነቱ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በክፍሉ ውስጥ ሲጋራም ሆነ ክሰል አይኑር፤ ሻጩ ለሽያጩ ደስታ ቡና ላፍላ ቢል ክሰሉ ውጭ ይቀጣጠል።

1. ካርትሪጆቹን ወይም የቀለም ጠርሙሶቹን ያውጡ። እያንዳንዱን ክዳኑን ገጥመው ቆሞ እንዲጓዝ በካርቶን ይደርድሩ።
2. ማሽኑ ራሱ ቀለም የሚያወጣበት ትእዛዝ ካለው በዚያ ይጠቀሙ። በሮላንድ ማሽኖች ላይ ይህ «ፓምፕ አፕ» በሚል ይገኛል፤ ማሽኑ መደረግ ያለበትን በቅደም ተከተል ይጠይቃል፣ እርስዎም የሚጠይቀውን ብቻ ያደርጋሉ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ትእዛዙን ከመጀመሪያው ይድገሙ እንጂ «ግማሹ ወጥቷል» ብለው አያቁሙ።
3. እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሌለው ማሽን ላይ ዋናውን ኃይል አጥፍተውና ሶኬቱን ነቅለው ቱቦውን ከዳምፐሩ ጫፍ በዝግታ ያላቅቁ፣ ከዚያም በሲሪንጅ ቀለሙን ይሳቡ። ሲላቀቅ ከሥሩ የተጣጠፈ ጨርቅ ይኑር። የአንዱን ቀለም ሲሪንጅ ለሌላው አይጠቀሙ።
4. በተመሳሳይ መንገድ ማጠቢያ ፈሳሽ ያስገቡና የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት እስኪል ድረስ ያሳልፉ። ጥቁሩ ቀለም ከሌሎቹ ይልቅ ይቆያል፤ አይሰልቹ።
5. በመጨረሻ ቱቦዎቹን ባዶ ያድርጉ፣ ሄዱን ግን በማጠቢያ ፈሳሽ እንደረጠበ ይተዉት። ደርቆ የሚጓዝ ሄድ ውስጡ የቀረው ቀለም ይጋገርበታል። ክፍት የሆነውን የቱቦ ጫፍ ሁሉ በቆብ ወይም በተጣጠፈ ፕላስቲክና በስኮች ይዝጉ፤ በየቱቦው ላይ የቀለሙን ስም ይጻፉ።
6. የካፑን (ማሽኑ ሲቆም ሄዱ የሚያርፍበትን መክደኛ) ጠርዝና ዋይፐሩን (ሄዱን የሚጠርገውን ላስቲክ) ያጽዱ። በካፑ ስፖንጅ ላይ እርጥብ እስኪል ጥቂት ጠብታ ማጠቢያ ያድርጉ፤ ሞልቶ የተቀመጠ ካፕ ማሽኑ ሲያጋድል ይፈሳል።
7. የቆሻሻ ቀለም ጠርሙሱን ባዶ አድርገው መልሰው ይግጠሙ።

የወጣውን ቀለምና ማጠቢያ ወደ ጀሪካኑ ገልብጠው «ሶልቬንት፣ እሳት አያቅርቡ» ብለው ይጻፉበት። ሐዋሳ ከደረሱ በኋላ የሚወጣውም ቢሆን በጎርፍ መውረጃ አይደፋ፤ የከተማዋ ጎርፍ መጨረሻው ሐይቁ ነው።

ዩቪ፣ ላቴክስና 3.2 ሜትር ማሽኖች። የዩቪ ቀለም በፀሐይ ብርሃን ስለሚጠጥር ሄዱና ቱቦው ሲከፈት መስኮቱ ይጋረድ፤ ቆዳም እንዳይነካ። የኤችፒ ላቴክስ ማሽን ቀለሙ በውሃ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከዚህ በላይ ያለው የሶልቬንት እጥበት አይመለከተውም፤ አምራቹ በመመሪያው ያስቀመጠውን የማጓጓዝ ሂደት ብቻ ይከተሉ። የኮኒካ ሄድ ያላቸውን 3.2 ሜትር ማሽኖች በተመለከተ ሄዶቹ በቴክኒሻን ወጥተው፣ ታጥበው፣ እያንዳንዳቸው የነበሩበት ቦታ ቁጥር ተጽፎባቸው በስፖንጅ በተሞላ ሳጥን ከሾፌሩ ጎን ይጓዙ።

ደረጃ 4፦ ሄዱንና ካሪጁን ማሰር

ማሽኑን በሁለተኛው ማብሪያ ያጥፉና ካሪጁ ራሱ ወደ ካፑ ሄዶ እስኪቀመጥ ይጠብቁ። ዋናው ማብሪያ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሶኬቱ የሚነቀለውም በስተመጨረሻ። ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ሶኬቱን በቀጥታ የነቀለ ሰው ሄዱን ከካፑ ውጭ ክፍት አድርጎ ይተወዋል፤ ይህ ከደረሰ መልሰው አብርተው በሥርዓቱ ያጥፉት።

አሁን ካሪጁ ይታሰራል። ብዙ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲመጡ ካሪጁን የሚይዝ ትንሽ ብረትና ብሎን ይኖራቸዋል፤ ሻጩ ዘንድ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ወይም ከኋላ ሽፋኑ ውስጥ ታስሮ ሊገኝ ስለሚችል እንዲፈለግ ይጠይቁ። ካልተገኘ በካሪጁና በግራ በኩል ባለው ሐዲድ መካከል ወፈር ያለ ስፖንጅ ያስገቡ፣ ካሪጁንም ከማሽኑ ፍሬም ጋር በሁለት የኬብል ማሰሪያ ፕላስቲክ ይሰሩት። ማሰሪያው የሚያርፈው በካሪጁ ብረት ላይ ነው፤ በቤልቱ፣ በቱቦው ወይም በኬብሉ ላይ ፈጽሞ አይደለም። ካሪጁን ወደ ታች አይጫኑት። ካፑ ከሄዱ ጋር ገጥሞ መቀመጡን በባትሪ ብርሃን ከጎን አይተው ያረጋግጡ።

> ማስጠንቀቂያ። ማሽኑ ከሶኬት ሳይነቀልና ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ የሄድ ፍላት ኬብል አይንኩ። ጓንትዎ ላይ የሶልቬንት ወይም የቀለም ጠብታ ካለ ይለውጡ። በኬብሉ ጫፍ ላይ የደረሰ አንድ ጠብታ ማሽኑ በሚቀጥለው ሲበራ ሄዱንና ቦርዱን አያይዞ ሊያቃጥል ይችላል። ኬብሉ ላይ ፈሳሽ ካዩ ሶኬት ውስጥ እንዳለ አይጥረጉት፤ ነቅለው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ፣ ሶኬቱንም ይመልከቱ።

ካሪጁ ያለበትን ቦታ የሚለይባትን ቀጭን የኢንኮደር ስትሪፕ ከነቦታዋ ይተዉአት። በጣት የተነካች ወይም ቅባት ያገኛት ስትሪፕ ካሪጁ ያለበትን ቦታ እንዲስት ታደርጋለች፤ በካሪጅ ስህተት የሚቆሙ ማሽኖች ብዙዎቹ ከዚህች ሌላ ችግር የለባቸውም። ስትሪፗ በምን አኳኋን እንደተሰቀለችና በሴንሰሩ መሃል እንዴት እንደምታልፍ ከቅርብ ፎቶ ያንሱ።

ካሪጁ ታስሮ ካበቃ በኋላ በቀይ ስኮች «ካሪጁ ታስሯል፣ ሳይፈታ አይብራ» ብለው ጽፈው በኃይል ገመዱ ሶኬት ላይ ይጠቅልሉት። ሐዋሳ ላይ ማሽኑን የሚያበራው ሰው ያሰረው ሰው ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ መፍታትና መጠቅለል

ባነር የሚጠቀልለውን የፊት ክፍል፣ የሮል መያዣ ዘንጎቹን፣ ተጨማሪ ማድረቂያና ማራገቢያ ካለ እነዚህን ሁሉ ይፍቱ። ብሎኖቹን በየክፍሉ በትንንሽ ፌስታል ለያይተው የወጡበትን ቦታ ይጻፉባቸው። ሮል በማሽኑ ላይ ተሰቅሎ አይጓዝ። ባነር የሚይዙት ትንንሽ ጎማዎች ተጭነው እንዳይከርሙ ማንሻውን ወደ ላይ ያድርጉት።

ደረጃ ካለ የማሽኑን አካል ከእግሩ ይለዩ። ደረጃ ከሌለና በቀጥታ መኪናው ላይ የሚገፋ ከሆነ ግን ከነእግሩ ቢቆይ ይሻላል፤ የተፈታው እግር ሲገጠም ትንሽ ቢጣመም ማሽኑ በትክክል አይቀመጥም።

መጠቅለያው ሦስት ድርብ ነው። መጀመሪያ የሚከፈቱትን ክዳኖች በሙሉ በወረቀት ስኮች ይያዙ፤ ቡናማው የካርቶን ስኮች ሲነሳ ቀለም ይልጣል። ቀጥሎ ፍሬሙን በስስ ስፖንጅ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፣ ማዕዘኖቹን ደግሞ ደረብ ያድርጉ። በመጨረሻ በግልጽ የመጠቅለያ ፕላስቲክ ዙሪያውን ይጠምጥሙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከሆነ ከዚያ በላይ ወፍራም ፕላስቲክ ያልብሱት፤ ሥሩን ግን ክፍት ይተዉለት፣ ያለበለዚያ ጠዋት በአዲስ አበባ ብርድ የታሸገው እርጥበት ስምጥ ሸለቆ ሙቀት ውስጥ ሲገባ በቦርዱ ላይ ይወርዳል።

ደረጃ 6፦ መሸከም፣ መጫንና ማሰር

ከጫኝና አውራጆች ጋር ዋጋውን ደረጃውንም ጨምሮ ከመንካታቸው በፊት ይጨርሱ፤ ማሽኑ እጃቸው ላይ እያለ የሚነሳ የዋጋ ክርክር የትም አያደርስም። ቢያንስ አራት፣ ደረጃ ካለ ስድስት ሰው ያስፈልጋል። ሥራውን የሚመራው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። የሚያዘውም ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንሳ»፣ «ቁም»፣ «አውርድ» በማለት ነው።

መያዣው ከሥር ያለው ብረት ፍሬም ነው። የፊት ክዳኑን፣ የጎን ፕላስቲኮቹን፣ የካሪጁን ሐዲድ ወይም ባነር የሚያልፍበትን ጠፍጣፋ ብረት ይዞ ማንሳት ክልክል መሆኑን እያንዳንዱን ቦታ በጣትዎ እያሳዩ ይንገሯቸው። ሞተርና ካፕ ያለበት ወገን፣ ብዙ ጊዜ ቀኙ፣ ስለሚከብድ ጠንካሮቹ በዚያ በኩል ይሁኑ። በደረጃ ላይ የታችኞቹ ከፍ፣ የላይኞቹ ዝቅ አድርገው ማሽኑን በተቻለ መጠን አግድም ያቆዩት። ሰው ከደከመ በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ በተዘጋጀ ሞራሌ ላይ ያሳርፉት እንጂ በመሬት ላይ አይጣል።

አይሱዙ ላይ የሚወጣበት ጣውላ ወፍራም፣ ረጅምና የማይንሸራተት ይሁን። አጭር ጣውላ ቀጥ ያለ ዳገት ስለሚሆን ማሽኑን ያዘነብለዋል። ከፍ ያለ መጫኛ ወለል ያለበት ግቢ ካገኙ መኪናውን ወደዚያ ማስጠጋት ከሁሉ ይቀላል።

በጭነት ሳጥኑ ውስጥ የማሽኑ ቦታ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ በርዝመቱ ነው። ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለው የሳጥኑ ጫፍ ከሁሉም ይበልጥ ስለሚነሳና ስለሚወድቅ እዚያ አይቀመጥ። ባዶ የሚሄድ አይሱዙ በባሌስትራው ጥንካሬ ምክንያት ይዘላል፤ ስለዚህ የባነር ሮሎችዎን፣ ከሌሉም በደንብ የታሰሩ የአሸዋ ጆንያዎችን በኋላ ጎማው አካባቢ ወለሉ ላይ ያንጥፉ። ጭነት ያገኘ ባሌስትራ ለስለስ ይላል።

1. ወለሉ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ያረጀ ፍራሽ ያንጥፉ፣ በላዩ ኮምፔንሳቶ ያድርጉ።
2. ማሽኑ በትንንሽ ጎማዎቹ ላይ ቆሞ አይጓዝ። ከእግሩ ፍሬም ሥር ሞራሌ አስገብተው ክብደቱ በሞራሌው ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፤ ሞራሌው እንዳይንሸራተትም በሚስማር ከኮምፔንሳቶው ጋር ያያይዙት።
3. በሁለቱም ጫፍ የእግሩን ፍሬም በሰፊ ባለመቆለፊያ ቺንጋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀለበት ይሰሩ። ቺንጋ በማሽኑ አናት ላይ አሻግሮ መወጠር ሐዲዱን ያጎብጠዋል።
4. በጎንና በጎን ያለውን ክፍተት በፍራሽ ይሙሉ። በእጅዎ ገፋ ሲያደርጉት ማሽኑ ከመኪናው ጋር አብሮ መወዛወዝ አለበት፤ ለብቻው ከተንቀሳቀሰ ማሰሪያው አልበቃም።

የቀለሙ ካርቶንና ጀሪካን ቆመው ከማሽኑ ርቀው ይታሰሩ፤ ጋቢና ውስጥ ግን አይግቡ። ጋቢና የሚገቡት ዶንግሉ፣ የብሎን ፌስታሎቹ፣ ወረቀቶቹና የተፈታ ሄድ ካለ እሱ ብቻ ናቸው።

ደረጃ 7፦ በመንገድ ላይ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳ መኪና ሙቀቱ ሳይበረታ መድረስ ይችላል። በፈጣን መንገዱ ላይ ያለ ድንገተኛ ችግር መቆም ስለማይፈቀድ ማሰሪያው ከመግባት በፊት አንዴ፣ ሞጆ ላይ ከወጡ በኋላ ሌላ ጊዜ ይታያል። አዲስ የተወጠረ ቺንጋ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሃያ ኪሎ ሜትሮች በኋላ መላላቱ የተለመደ ነው። ከዚያ መቂን አልፎ ባቱ ላይ፣ ቀጥሎም ሻሸመኔ ሳይገቡ ይድገሙት።

ለማሽኑ ፈተና የሚሆኑት ረጃጅሞቹ ቀጥ ያሉ መንገዶች አይደሉም። በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ውስጥ ያሉት ጉብታዎች፣ በድንገት የሚገባ ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት፣ እነሱን ተከትሎ የሚረገጥ ፍሬን ነው የሚያናውጠው። ጉብታ ላይ መኪናው ሊቆም እስኪቃረብ ይዘግይ፤ ሾፌሩ «ቀስ በል» ብቻ ከሚባል ከተስማሙበት ሒሳብ ላይ የተወሰነው ማሽኑ ተፈትሾ እንዲከፈለው ቢደረግ ይበልጥ ይጠነቀቃል።

መኪናው ተበላሽቶ ማደር ግድ ከሆነ ማሽኑን ወደ ሌላ መኪና በሌሊት አያዛውሩ። የተሸፈነና ካፑ ላይ የተቀመጠ እርጥብ ሄድ አንድ ሁለት ሌሊት ይችላል፤ በባትሪ ብርሃንና በማያውቁት ሰው የሚደረግ ማዛወርን ግን አይችልም።

ደረጃ 8፦ ማውረድ፣ ማስቀመጥና ማብራት

ሲወርድም ያው የመጫኑ ሥርዓት ይጠበቅ። በረኛውም ጎረቤቱም ሊያግዝ ይሮጣልና መያዣውን ያልተነገረው ሰው አይንካ።

ፕላስቲኩን ወዲያው ይክፈቱ፣ ማሽኑን ግን ወዲያው አያብሩ። ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪመሳሰል ሌሊቱን ይደር። በነጋታው፦

1. ማሽኑን በመጨረሻ ቦታው አስቀምጠው በውሃ ልክ ይለኩ፤ ባነር በሚያልፍበት ብረት ላይ በግራ፣ በቀኝና ከፊት ወደ ኋላ። ሁሉም እግሮች ወለሉን ነክተው እስኪቆሙ ያስተካክሉ። ይህን የዘለለ ሰው ባነሩ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽበት ይኖራል።
2. የካሪጁን ማሰሪያ ይፍቱ፣ ስፖንጁን ያውጡ፣ ቀይ ስኮቹን ያንሱ። የተፈታውን ብረትና ብሎን ለቀጣይ ጊዜ በማሽኑ ኋላ ያስሩት።
3. ኃይል ሳይኖር ካሪጁን ከካፑ በዝግታ አላቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ይግፉት። የሚጎረብጥ ወይም የሚይዝ ቦታ ካለ ምክንያቱ ሳይገኝ አይብራ።
4. ፍላት ኬብሎቹ በሶኬታቸው ቀጥ ብለው መግባታቸውን፣ ስትሪፗም በሴንሰሩ መሃል ማለፏን ከፎቶው ጋር ያስተያዩ።
5. ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት በቴስተር ይለኩ። ቮልቴጁ በ220 አካባቢ ጸንቶ መቆም አለበት። የመሬት መስመር ከሌለ አያብሩ፤ ስታቲክ ሄድን ይገድላል። በመሬቱና በኒውትራሉ መካከል ከጥቂት ቮልት በላይ ከታየ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ማሽኑ በስታብላይዘር በኩል ይሂድ፣ ማሞቂያዎቹ የራሳቸው መስመር ካላቸው ከዚያው ስታብላይዘር ላይ አይደርቡ።
6. ቀለም ሳይገባ አንድ ጊዜ አብርተው ካሪጁ ጉዞውን ጨርሶ ካፑ ላይ መመለሱን ይዩ። ከዚያ ቱቦዎቹን በስማቸው ይግጠሙ፣ ቀለም ይሙሉ።

ቀለም ከሞላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቁና ኖዝል ቼክ አትመው ከሻጩ ቤት ከመጣው ወረቀት ጎን ያስቀምጡት። ቀጥሎ የሁለት አቅጣጫ ህትመቱንና ፊዱን ያስተካክሉ። ለፊድ ልክ አንድ ሜትር የሆነ መስመር አትመው በብረት ሜትር ይለኩ፤ 99.7 ሴንቲ ሜትር ካለ ጉድለቱ ባነር ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ካሪጁ ትንሽ ሄዶ በስህተት ይቆማል። ወዲያው ያጥፉ፤ ደጋግሞ ማብራት ሞተሩን ይጎዳል። በመጀመሪያ የቀረ ማሰሪያ ወይም ስፖንጅ ይፈልጉ። ከሌለ ስትሪፗን ማጠቢያ ፈሳሽ ባልነካው፣ ውሃ ጠብ ባለበት ንጹሕ ጨርቅ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይጥረጓት። ያኔም ካልሆነ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ሊኖር ይችላል፤ ቤልቱም ጥርስ ስቶ እንደሆነ ይዩ።

አንዳንድ ኖዝሎች አይወጡም። መደበኛ ክሊኒንግ ሁለት ጊዜ ያድርጉና ያቁሙ። በተከታታይ አሥር ጊዜ ክሊኒንግ ማድረግ ቀለም ይጨርሳል እንጂ አየር የሳበን ዳምፐር አይሞላም። ሌሊቱን ካፑ ላይ ማጠቢያ አድርገው ያሳድሩት፣ ጠዋት ይሞክሩ። የጎደለው ቦታ በየህትመቱ ከተለዋወጠ ችግሩ አየር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ከጸና የተደፈነ ኖዝል ነው።

አንድ ቀለም ሙሉ በሙሉ የለም። ሄዱ ሞተ ብለው አይደምድሙ። የቱቦውን መጋጠሚያ፣ የዳምፐሩን ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) እና የቱቦውን ጫፍ የዘጋውን ፕላስቲክ ይመልከቱ። ያ ፕላስቲክ ሳይነሳ ተረስቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀለማት ይቀላቀላሉ። ቢጫው አረንጓዴ፣ ማጀንታው ጥቁር ከመሰለ ካፑ ሄዱን ገጥሞ አልያዘም ወይም ፓምፑ አይስብም። ካፑ ላይ ጥቂት ማጠቢያ ጠብ አድርገው ፓምፑ ሲሠራ መጠጣቱን ይዩ። ካልጠጣ ወደ ቆሻሻ ጠርሙሱ የሚሄደው ቱቦ በጉዞው ታጥፏል ወይም ወልቋል።

ቦርዱ ጭራሹን አይነሳም። ሶኬቱን ነቅለው ፊውዙን ይመልከቱ፤ ከዚያ የኋላ ክዳኑን ከፍተው በመንገድ መናወጥ የላላ የኃይል መሰኪያ እንዳለ ይፈትሹ። በቦርዱ ላይ የቀለም ወይም የእርጥበት ምልክት ካዩ ምንም አይሞክሩ፤ ፎቶ አንሥተው፣ ማሽኑን እንደተነቀለ ትተው ለቴክኒሻን ያሳውቁ። ሻጩን ማነጋገር ካስፈለገም በመጀመሪያው ቀን የተፈረመበትን የኖዝል ቼክ ወረቀትና ቪዲዮውን ይዘው ነው።